አንዴ ብቻ የምትጠይቀው ሲኞራ

የወንድሜ ሚስት ካረፈች ዓመት ሞላት። ሙት ዓመቷ ወጥቶ፣ ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ነው ይህን ለመጻፍ የተቀመጥኩት። እሷ በሕይወት እያለች አልሞከርኩትም። ማንበብ ባትችልም አንዱ የልጅ ልጅ ጮክ ብሎ ያነብላታል ብዬ ፈራሁ። እኔም ብሆን ፊደል የቆጠርኩት ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቅጥር ግቢ ነው፤ ከዳዊት አላለፍኩም። ጽሑፌ ቢወላገድ አንባቢ ይታገሠኝ። ነገሩ ግን አልተወላገደም፤ እንዳለ ነው የማስቀምጠው። ወንድሜን ጣሊያን እንዴት እንደወሰደብን፣ በዚያም ውስጥ የእኔ ጥፋት የቱ እንደሆነ ነው።

ከፈረንሳይ ቤት ልጀምር፤ ያለዚያ አይገባም።

ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ከተማ መሐል አንድ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ቤት ሰሃን አጣቢ ነበርኩ። ሃያ ዓመት አልፎኛል፣ ጢም አብቅያለሁ። የወጥ ቤቱ አዛዥ አንድ ሸምገል ያሉ ጉራጌ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ነገር የማይሸሽጉ፣ ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ የሚስቅ። በገባሁ በመጀመሪያው ቀን ማዳሚቱ ራሷ ሾርባ በሰሃን ቀድታ፣ ዳቦ ጎኑ አድርጋ ዘረጋችልኝ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። እናቴ እንዳሳደገችኝ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ አንገቴን ሰብሬ፣ "ኧረ ጠግቤያለሁ፣ ይቅርብኝ" አልኩ። ቃሉ ባይገባት እንኳ እጄና አንገቴ ይገባታል። ገባትም። ሰሃኑን መልሳ ይዛው ሄደች።

ቆሜ ጠበቅሁ። አልተመለሰችም። የሽማግሌው ትከሻ መሳቅ ጀመረ።

"ምን ትጠብቃለህ?" አሉኝ።

"ደግማ ትለኛለች ብዬ ነዋ፣ አባባ።"

"ደግማ የለም። እነዚህ ሰዎች የሚጠይቁት አንዴ ነው። እምቢ ካልክ ያምኑሃል፣ አለቀ።"

"በሞቴም አትልም?"

"በማን ሞት? አንተን ሾርባ ለማብላት ማን ይሞታል? እሷ ልትሞት ነው ከፈረንሳይ ድረስ የመጣችው?"

እስከ ማታ ጦሜን ዋልኩ። በማግሥቱ ሽማግሌው ወደ ጥግ ወስደው አስተማሩኝ። ሲሰጡህ ወዲያው ተቀበል። በልተህ ስትጨርስ ማንኪያውን ከማስቀመጥህ በፊት "ሴ ትሬ ቦን፣ ማዳም" በል፤ በጣም ጥሩ ነው ማለት ነው። ከዚያ ከፍ ለማድረግ ከፈለግህ "ሜ ኮምፕሊማን" ትላለህ። ምስጋናዬን ይቀበሉ እንደ ማለት ነው። እኔም "እጅዎ ይባረክ የሚለውስ እንዴት ነው?" ብዬ ጠየቅሁ። "እጇን ተዋት" አሉኝ። "እኛ ነን እጅ የምንመርቅ። እነሱ የሚያመሰግኑት ምግቡን ነው። ደግሞ ዝም ብለህ ጥሩ ነው አትበል፤ አንዱን ነገር ለይተህ ጥራ። ሽንኩርቱ በለው፣ ቅቤው በለው። ያን ጊዜ ከልብህ በልተሃል ይሉሃል።" ሰሃኑ ላይ ትንሽ ማስተረፍም እንደ ነውር ነው አሉኝ። ቤታችን ውስጥ የተማርኩትን ሁሉ ገልብጠው ሰጡኝ ማለት ነው። ሁለት ዓመት እዚያ ሠራሁ። ስለ ምግብ የሚወራ ከሆነ ፈረንሳይኛ እችላለሁ ብል ውሸት አልነበረም። ከምግብ ውጪ አንድ ቃል አልነበረኝም።

ጣሊያን ሲገባ መሐንዲሱ አገሩ ገባ። ሽማግሌው ወዴት እንደሄዱ አላውቅም። እኔ ወደ ቀራንዮ፣ ወደ ታላቅ ወንድሜ ቤት ተመለስኩ። አባታችን በልጅነታችን ስለሞተ ያሳደገኝ እሱ ነው። ጋሼ ነበር የምለው። ባሕር ዛፍ እየሰነጠቀ ጣውላ ያወጣ ነበር፤ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሰው የማይነካ። ሚስቱን እትዬ እላታለሁ፤ እሷ ደግሞ አፏ ፈጣን ነው፣ ልቧ ግን ያው እንደ እሱ።

የየካቲቱ እልቂት ካለፈ ወዲህ ወታደሮች ቤት ለቤት ይፈትሹ ነበር። ጾሙ ገብቷል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ቤታችን ውስጥ አገኘናቸው። መሶቡን ገልብጠው፣ አልጋውን ገልብጠው፣ መጨረሻ ላይ ከግድግዳው ጉድጓድ አንዲት የጥይት ቀለህ አወጡ። ባሩድ የላትም፤ ባዶ ቀለህ ናት። እትዬ ኩሏን የምታስቀምጥባት ናት። የዚያን ጊዜ ሴት ሁሉ እንደዚያ ነበር የምታደርገው፤ የቀለህዋን አፍ በሰም ትደፍንና ኩሏን ትይዝባታለች። እትዬ ሮጣ ዓይኗን እያሳየች "ኩል ነው፣ ኩል ነው" አለቻቸው። ወታደሩ ሰሙን ነቅሎ ጣቱ ላይ አራገፋት። ጠቆረበት። የጠቆረውን ጣቱን በጋሼ ነጭ ጋቢ ላይ ጠረገ፤ ቀለህዋን ወለሉ ላይ ጥለው ጋሼን ይዘውት ሄዱ።

ከሠፈራቸው ጎን ያለ የእህል ጎተራ ውስጥ ዘጉበት። ሌሎችም ነበሩ፤ ሃያ ይሆናሉ። ቅዳሜ ካሚዮን መጥቶ ሁሉንም ወደ ሱማሌ በረሃ ይወስዳቸዋል ተባለ። ወደዚያ ከሄዱት ወሬ የመጣለት ሰው አናውቅም ነበር። ማን እንደሚሄድ ወረቀቱ ላይ የሚፈርመው የሠፈሩ ካፒቴን ነው።

እኔ ደግሞ የካፒቴኑ ቤት እንጨት ፈላጭ ነበርኩ።

ቤቱ አርበኛ ሆኖ ጫካ የገባ የአንድ ባላባት ቤት ነው፤ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል። ካፒቴኑ ሚስቱን ካመጣ ወር አልሞላውም። ሴትዮዋ አጭር፣ ጉንጯ ቀይ፣ ምግቧን ለማንም የማታስነካ ነበረች። አሽከር እያለ ራሷ ታበስላለች። ሰኞ ዕለት እንጨቱን ፈልጬ ስጨርስ በጓሮ በር ወጣችና ሰሃን ዘረጋችልኝ። ሾርባ ነው። ደረቅ ዳቦ፣ ጎመን፣ ላዩ ላይ የቀለጠ አይብ። አይቡ የወታደር ካልሲ ይሸታል፤ እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ነው። ዐቢይ ጾም ነው። ጋሼ ጎተራ ውስጥ ነው። ሰሃኑን አየሁት፣ የእሷን ፊት አየሁ፣ ከዚያ ሽማግሌው ትዝ አሉኝ። ወዲያው ተቀበልኩ። ጨረስኩት። ማንኪያውን ሳላስቀምጥ "ሴ ትሬ ቦን፣ ማዳም" አልኩ። አይቡንም ለይቼ ጠራሁ።

ሴትዮዋ እጇን በሽርጧ መጥረግ ጀምራ አቆመች። በፈረንሳይኛ ብዙ ነገር ተናገረች፤ አንዱም አልገባኝም። ከዚያ ቀስ ብላ በጣሊያንኛ ደገመችው። ጣሊያንኛ ለእንጨትና ለውሃ የሚበቃ ነበረኝ። እንደገባኝ፣ ከኢጣሊያ አገር ተራራማ ክፍል ነው የመጣችው፤ እዚያ ሰዉ ከናት ካባቱ የሚናገረው ፈረንሳይኛ ነው። መንግሥታቸው ከልክሎታል። ባሏም ቤት ውስጥ እንዳትናገረው አዟታል። ሾርባው የእናቷ ነው። እዚህ ከመጣች ጀምሮ ማንም ጥሩ ነው ብሏት አያውቅም፤ ባሏ እየበላ ወረቀት ያነባል። "ነገም ና" አለችኝ።

ከዚያ እየሮጥኩ ነው ቤት የገባሁት።

"እትዬ፣ መንገድ ተገኘ" አልኳት።

ነገርኳት። ሰማችኝና ከንፈሬን ትኩር ብላ አየችው።

"ቅቤ በልተሃል።"

"አይብ ነው።"

"በጾም።"

"ለጋሼ ብዬ ነው።"

"እና ነገርካት?"

"በመጀመሪያው ቀን? ገና ሰሃኑን እንደያዝኩ ወንድሜን ፍቱልኝ ልበላት? ምን ትለኛለች? ለዚህ ኖሯል የሚያመሰግነኝ አትልም?"

እትዬ ወደ ምድጃዋ ተመለሰች። ነገሩ ልክ መሰላት፤ እኔም ልክ መሰለኝ። እኛ ቤት ሰው ዘንድ ጉዳይ ይዘህ ስትሄድ መጀመሪያ ጤና ትጠይቃለህ፣ ከብት ትጠይቃለህ፣ ቀርበህ ትቀመጣለህ፣ ጉዳይህን ባለቤቱ "ለምን መጣህ?" ብሎ እስኪያወጣው ትጠብቃለህ።

ማክሰኞ የጋሼን ምሳ ይዤለት የሄድኩት እኔ ነኝ። በር ላይ ያለው ወታደር መርዝ እንዳይሆን መጀመሪያ እኔን ያቀምሰኛል፣ ከዚያ ያሳልፋል። በግድግዳው ስንጥቅ ከጋሼ ጋር ተነጋገርን። ፊቱን አላየሁም፤ ጣቶቹን ብቻ።

"የካፒቴኑ ሚስት ትወድሃለች አሉ" አለኝ።

"ምግቧን አመሰግናለሁ፣ ጋሼ።"

"አትቸኩል። ሰው ቤት እየበሉ ጉዳይ ማንሳት ነውር ነው። እሷ ራሷ ታንሣው።"

"እሺ።"

"የኩሉን ነገር ለእትዬህ ንገራት፤ በእሷ አይደለም በላት።"

ነገርኳት። አላመነችም።

ማክሰኞም በላሁ፣ ረቡዕም በላሁ። ረቡዕ ዕለት ድንች በወተት ነበር። "ሜ ኮምፕሊማን" ስላት እንደ ልጅ ሳቀች። ወንበር አምጥታ ወጥ ቤት ውስጥ አስቀመጠችኝ። ቅዳሜ እየቀረበ ነው። ያን ምግብ በውሃ ነበር የምውጠው፤ አፌ ግን ማመስገኑን አላቆመም። ማታ እትዬ ከኔ ጋር አንድ መሶብ አልቀርብም አለች። "አንተ ቅቤህን ብላ" አለችኝ። "እኔ ሽሮዬን ጎተራ ውስጥ ካለው ጋር እካፈላለሁ።"

ሐሙስ መጣ።

ሾርባው ያ የመጀመሪያው ነበር፤ ጎመኑና አይቡ። በላሁ፣ አመሰገንኩ፣ ጎመኑን ለይቼ ጠራሁ። ሴትዮዋ ከፊቴ ተቀመጠች። እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አጣጥፋ እንዲህ አለችኝ፤ ቀስ ብላ፣ እንዲገባኝ አድርጋ።

"አንተ ደስ አሰኘኸኝ። የምትፈልገው ነገር ካለ ንገረኝ። ባሌ እኔን ይሰማኛል።"

ገባኝ። እያንዳንዱ ቃል ገባኝ። አልገባኝም ነበር ብዬ ራሴን ለማታለል ብዙ ዓመት ሞክሬአለሁ፤ አይሆንም። ጋሼ፣ አልኩ በሆዴ። አፌ ግን ከእኔ ቀድሞ እጄን ደረቴ ላይ አስደረገኝና አንገቴን ሰበረ።

"ኧረ ምንም የለም፣ ሲኞራ። የእርስዎ ጤና ይበቃኛል።"

ለምግብ ሲሆን መግደርደር ትቻለሁ። ለጉዳይ መተው እንዳለብኝ ማንም አላስተማረኝ። ሽማግሌው የነገሩኝ ስለ ሾርባ ብቻ ነው።

ሴትዮዋ አየችኝ፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ደስ አላት። ምንም የማይፈልግባት ሰው አገኘች። ተነሥታ ወደ ድስቷ ዞረች።

እኔ ቁጭ እንዳልኩ ጠበቅሁ። ድስቱን አጠበች። ማንኪያዬን ባዶ ሰሃን ላይ አዞርኩ። አንዴ ብቻ "እውነት ምንም?" ትበለኝ፤ ያን ጊዜ እግሯ ላይ ወድቄ እናገራለሁ። ድስቱን አደረቀች። ሽንኩርት መላጥ ጀመረች። ተነሥቼ ወጣሁ፤ በመስኮቷ ሥር ሆኜ መፈለጥ የማያስፈልገውን እንጨት መፍለጥ ጀመርኩ። ደቅቆ ለጭራሮ እስኪሆን ፈለጥኩት። በመሐል ወጣች። መጥረቢያውን ጣልኩ። ከጓሮው ጎመን ቆረጠች፣ ፈገግ አለችልኝ፣ ገባች።

አሁን ገብቼ ብናገርስ አልኩ። ቅድም ምንም አልፈልግም ብዬ፣ አሁን በሩን አንኳኩቼ እፈልጋለሁ ልበል? ያ ደግሞ ውሸታም መሆን መሰለኝ። ነገ፣ አልኩ። ነገ ዓርብ ነው። ነገ ደግማ ትጠይቀኛለች። ሁለተኛው ላይ እናገራለሁ። ቅዳሜ ገና ነው።

ቤት ስገባ እትዬ በር ላይ ቆማ ነበር።

"ዛሬስ?"

"ነገ።"

"ነገ፣ ነገ" አለች። "አንተ እኮ እንጀራዋን ነው የለመድከው።"

ሲኞራዋ ጠይቃኝ እንደነበር አልነገርኳትም። የመጀመሪያው ውሸቴ እሱ ነው።

ዓርብ በማለዳ ወጣሁ። ሌሊቱን ስገላበጥ አንድ ነገር ቆርጬ ነበር፤ ብትጠይቅም ባትጠይቅም እናገራለሁ። ይሉኝታውን ከበራችን ጥዬው ወጣሁ ማለት እችላለሁ። መንገድ ላይ ዛሬ አየር ጤና በምንለው በኩል፣ በጅማ መንገድ፣ የካሚዮን ድምፅ ቁልቁል ሲሄድ ሰማሁ። ድንጋይ የሚያመላልሱ መሰለኝ፤ መንገዱን ይሠሩ ነበርና። ቆሜ እንኳ አላየሁም።

ወጥ ቤት ስገባ እሳት እያያያዘች ነበር። ሰላምታ እንኳ አላደረስኩም።

"ሲኞራ፣ ወንድሜ እጎተራው ውስጥ ነው። ያሳደገኝ ነው። አባቴ ማለት ነው። የተገኘው ኩል ነው፣ ጥይት አይደለም። ያስፈቱልኝ።"

ሦስት ጊዜ ነው ያስደገመችኝ። ከዚያ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"ትናንት ጠይቄህ አልነበረም?"

"ጠይቀውኛል።"

"ምንም አልክ።"

"አዎ።"

"ለምን?"

ምን ልበላት? አንዴ ሲጠይቁን እምቢ ነው የምንለው፣ ሦስቴ ልትለምኑን ይገባል ልበላት? ቋንቋውም አልነበረኝም። ቢኖረኝም አይባልም።

ሽርጧን ሳትፈታ እየሮጠች ወጣች። እስከ ሠፈሩ ድረስ ስትሮጥ ወታደሮቹ ቆመው ሲያዩአት አየሁ። ስትመለስ አትሮጥም። ፊቷን ሳይ አወቅሁ።

ካሚዮኑ ቀን አሳጥሮ ኖሯል፤ ለቅዳሜ የተባለው ዓርብ መጣ። ጠዋት ድምፁን የሰማሁት እነሱን ይዞ ሲሄድ ነው። ወረቀቱን ካፒቴኑ የፈረመው ትናንት ከእራት በኋላ ነው አለችኝ። "በእኔ ጠረጴዛ ላይ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ሰሃን አነሣ ነበር። አንድ ስም ነው። አንድ ስም ብቻ ሰርዝልኝ ብዬው ቢሆን ይሰርዝ ነበር።" በጣሊያንኛ ጀምራ በፈረንሳይኛ ጨረሰችው፤ ይሄኛው ስለ ምግብ ስላልነበረ መጨረሻው አልገባኝም። ዓይኗን አይቼ ነው የተረዳሁት።

ከዚያ የሚሆነውን ለመጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ሆኗል። ሴትዮዋ ሌላ የምታደርገው ስላጣች መሰለኝ፣ የትናንቱን ሾርባ አሙቃ ሰሃን ላይ አድርጋ ዘረጋችልኝ። እኔም ተቀበልኩ፤ ወዲያው፣ በመጀመሪያው። ቆሜ በላሁ። ሰሃኑ ላይ ምንም አላስተረፍኩም። ማንኪያውን ከማስቀመጤ በፊት "ሴ ትሬ ቦን፣ ማዳም" አልኩ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ወጥቼ ከባሕር ዛፉ ሥር አስመለስኩት።

እትዬን "ለመንኳት፣ እምቢ አለች" አልኳት።

ጋሼ አልተመለሰም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ከዚያ በረሃ የተመለሱ ሰዎች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸውን ሄጄ ጠየቅሁ። የወንድሜን መልክ ስነግራቸው እንደሱ ያለ ብዙ ሰው ነበር ይሉኛል። እትዬ ያችን ቀለህ አልጣለቻትም። ባዶዋን አጥባ ግድግዳው ጉድጓድ ውስጥ መልሳ አስቀመጠቻት፤ ኩል ግን ዳግመኛ አልተኳለችም። "በእኔ ዓይን የተነሳ ነው የሄደው" ትል ነበር። ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር፣ ሌሎቹ ሴቶች ሲኳኳሉ፣ ይህንኑ ትላለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። አንድም ቀን "በአንቺ አይደለም፣ በእኔ ነው፤ ሲኞራዋ ጠይቃኝ ነበር" አላልኳትም። ያችንም ጣሊያናዊት እትዬ እስክትሞት ድረስ ረገመቻት። እርግማኑ የእኔ ነበር፤ እኔ ግን አሜን እል ነበር።

ከመሞቷ ጥቂት ቀን በፊት አልጋዋ አጠገብ ነበርኩ። እጄን ይዛ "አንተስ የቻልከውን አድርገሃል" አለችኝ።

"አዎ፣ እትዬ" አልኩ።

ሙት ዓመቷ ላይ ድንኳኑ ውስጥ ስንቀመጥ የምታስተናግደው ልጅ ወጡን ይዛ መጣች። "አባባ፣ ልጨምርልዎ?" ስትለኝ ሰሃኔን ዘረጋሁ። አጠገቤ ያሉት ተያዩ። ሰፈሩ ያውቀዋል፤ እኔ ስጋበዝ አልግደረደርም፣ አንዴ ሲሉኝ እቀበላለሁ። ሆዳም ይሉኛል ከኋላዬ። ይበሉ።

ከፊት ለፊቴ የተቀመጠው ጎልማሳ ግን ልጅቷ ስትጠይቀው እጁን ደረቱ ላይ አደረገና "ጠግቤያለሁ፣ ይቅርብኝ" አላት። እሷም የዛሬ ልጅ ናት፣ እሺ ብላ አለፈች።

"ብላ እንጂ" አልኩት።

"ጠግቤያለሁ፣ አባባ።"

"ትንሽ ጨምር።"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ በቃኝ።"

"በሞቴ።"

"ኧረ ምን ሆነዋል፣ አባባ? ከልቤ ነው፣ ጠግቤያለሁ።"

ፊቱን አየሁት። እውነቱን ይሁን አይሁን ከፊቱ ማወቅ አልቻልኩም። ልጅቷን ወጡን ይዛ እንድትመለስ ጠራኋትና እንደገና ጠየቅሁት።